ድንጋዩ ከየት ጥልቀት መጣ? ከኢትዮጵያ በታች ስለሚንቀሳቀሰው ማንትል

(ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ታዳሚ ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። አነጋገሩን ብዙም አልነካካሁትም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ድንጋይ ለመስማት ከቤት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ልግባ። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ወደ ታች ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ሁሉ ጥልቁ ሩሲያ ውስጥ ቆላ በሚባል ልሳነ ምድር ይገኛል። 12,262 ሜትር ነው። ሶቪየቶች በ1970 ጀምረው ለዓመታት ቆፈሩ። ከዚያ ሙቀቱ አላስኬድ አላቸውና ተዉት። አሁን ይህን ከእኛ አገር ጋር አስተያዩት። ከኢትዮጵያ ደጋ በታች ያለው የመሬት ቅርፊት ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ማንትል የሚባለው ወፍራም የምድር ክፍል የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው። እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከአህጉር በታች ያለውን ማንትል ቆፍሮ የደረሰበት ሰው የለም፤ በቅርቡም የሚደርስበት አይመስለኝም።

ታዲያ እዚያ ታች ምን እየሆነ እንዳለ በምን እናውቃለን?

ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው። ሞገዱ በጋለ አለት ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፤ በቀዝቃዛው ውስጥ ይፈጥናል። ከዚያ ልዩነት ተነስቶ የታችኛውን ዓለም ምስል መሥራት ይቻላል። ግሩም መሣሪያ ነው። ግን የሚያሳየን የዛሬውን ብቻ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ማንትሉ እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር ሞገድ አይነግረንም። ያን የሚነግረን ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ድንጋይ። እኔ የመጣሁት ስለዚህ ላወራችሁ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ማንትል ሲባል ብዙ ሰው የሚንተከተክ የእሳት ባሕር ይታየዋል። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕልም ቀይ ቀለም ቀብቶት ጉዳዩን አባብሶታል። ማንትል ጠጣር ነው። አለት ነው። ነገር ግን በጣም የጋለ አለት ለረጅም ጊዜ ሲገፋ ቅርጹን እየለወጠ ይሄዳል። ፍጥነቱ በዓመት በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው። ለእኛ ቆሟል። ሚሊዮን ዓመት ለሚታገስ ግን ይፈስሳል።

ማግማው፣ ማለትም የቀለጠው አለት፣ ታዲያ ከየት ይመጣል? ከሥር አዲስ እሳት ስለነደደ የሚቀልጥ ይመስለን ይሆናል። እንደኛ ባለ አገር ነገሩ ሌላ ነው። አለት ታች እያለ የተሸከመው ክብደት እንዳይቀልጥ አፍኖ ይይዘዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንስለታል። ያኔ ትኩስነቱ እንዳለ ሆኖ መቅለጥ ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም። ብዙ ጊዜ የሚቀልጠው ከመቶው ጥቂቱ እጅ ብቻ ነው። ያ ጥቂቱ ተሰባስቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀሪው አለት እዚያው ይቀራል።

ቁልፉ ያለው እዚህ ጋ ነው። አለት ሲቀልጥ ንጥረ ነገሮች እኩል አይወጡም። ላንታነም፣ ባሪየም፣ ቶሪየም፣ ዩራኒየም የመሳሰሉት ጠጣሩ ማዕድን ውስጥ አይመቻቸውም። ትንሽ ቅላጭ ሲያገኙ ዘለው ይገባሉ። ቡና ስትፈላ አስቡት። አቦል ላይ የቡናው ኃይል አብዛኛው ይወጣል። ቶና ይቀጥናል። በረካ ሲመጣ ያው ቡና፣ ያው ጀበና ነው፤ ጉልበቱ ግን የለም። ማንትልም እንደዚሁ ነው። ከውቅያኖስ ወለል መሐል ከሚገኙት ስንጥቆች የሚወጣው ባዛልት፣ ማለትም ላቫ ቀዝቅዞ የሚሠራው ጥቁር ድንጋይ፣ ከበረካ ማንትል የመጣ ነው፤ ያ አለት በምድር ረጅም ታሪክ ውስጥ ከዚህ በፊት ብዙ ሰጥቷል። እኛ ጋ ያለው ባዛልት ብዙው እንደዚያ አይደለም። እነዚያ ንጥረ ነገሮች በብዛት አሉበት። ወይ ምንጩ ገና ብዙ ያልተነካ ነው፣ ወይ የቀለጠው መጠን ትንሽ ነው፣ ወይ ሁለቱም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሌሎች ምልክቶች ያስፈልጋሉ።

አንዱ ምልክት ጋርኔት ነው። አዎ፣ ጌጥ የሚሠራበት ቀዩ ማዕድን። ማንትል ውስጥ ጋርኔት በደንብ የሚኖረው ጫናው ከፍ ሲል ነው፤ በግርድፉ ከ80 ኪሎ ሜትር በታች በሉት። ጋርኔት አንድ ጠባይ አለው። ይተርቢየምና ሉቴሺየም የሚባሉትን ከባድ ንጥረ ነገሮች አጥብቆ ይይዛል፤ ለቅላጩ አይለቅም። ስለዚህ አንድ ባዛልት ላንታነሙ በዝቶ ይተርቢየሙ በጣም ካነሰ የቀለጠው ጋርኔት ባለበት ጥልቀት ነው ማለት ነው። ድንጋዩ አፍ አውጥቶ ጥልቀቱን አይናገርም። በሁለት ቁጥሮች ጥምርታ ግን ይናገራል።

የሙቀቱ ምልክት ደግሞ ማግኒዚየም ነው። ማንትል ይበልጥ ሲግል ቅላጩ ውስጥ የሚገባው ማግኒዚየም ይጨምራል። መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ኦሊቪን የሚባለው አረንጓዴ ማዕድን ነውና የእሱን ቅንብር ለክተን ወደ ኋላ እናሰላለን። በዚህ ዘዴ ታይረን ሩኒና የሥራ ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ጥናት ከምሥራቅ አፍሪካ በታች ያለው ማንትል ከመደበኛው በ100 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ እንደሚችል አሳይተዋል። መደበኛው 1,350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ 100 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። አይደለም። የሚቀልጠውን መጠን ብዙ ይለውጠዋል።

ሦስተኛው ምልክት ለእኔ ከሁሉም ይማርከኛል፤ ሂሊየም። ፊኛ የሚሞላበት ጋዝ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። ሂሊየም 4 ዩራኒየምና ቶሪየም በተፈጥሮ ሲፈርሱ በየጊዜው የሚፈጠር ነው። ሂሊየም 3 ግን ባመዛኙ ምድር ስትፈጠር አብሮ የገባ ነው፤ አዲስ የሚጨመርለት እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ሂሊየም 3 ሞልቶ የተገኘበት ድንጋይ ምንጩ ጥንታዊ ጋዙን ሳያስወጣ የቆየ ክፍል ነው። ከውቅያኖስ ወለል የሚወጣው ባዛልት ውስጥ የሁለቱ ጥምርታ ከአየር ውስጡ 8 እጥፍ ገደማ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋና ከአፋር በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ወደ 20 እጥፍ የሚጠጋ ተለክቷል። ናሙናው ኦሊቪን ነው። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ይደቅቁታል፤ ተዘግቶበት የነበረው ጋዝ ሹልክ ይላል። ያን ይለካሉ። እንዲህ ዓይነት ከፍ ያለ ቁጥር የሚገኘው እንደ ሃዋይና አይስላንድ ባሉ ቦታዎች ነው፤ ከጥልቁ የጋለ ማንትል ይወጣባቸዋል የሚባሉ ቦታዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪ የሆነ ሰው እጁን ማውጣት አለበት። ማግማው 40 ኪሎ ሜትር ቅርፊት አቋርጦ ነው የሚወጣው። በመንገዱ ላይ ያለውን አለት እያቀለጠ ከራሱ ጋር ቢቀላቅልስ? ጥያቄው ትክክል ነው። በአህጉር ላይ የሚሠራ ሰው ዋና ራስ ምታት ይኸው ነው፤ ውቅያኖስ ላይ የሚሠሩት ከዚህ በብዙ ተገላግለዋል። መፍትሔው ብዙ መለኪያዎችን ጎን ለጎን ማየት ነው። አሮጌ የአህጉር ቅርፊት የስትሮንሺየም 87 ድርሻው ከማንትል ከፍ ይላል። ናሙናው ያ ምልክት ካለበት ቅርፊቱ ነካክቶታል ማለት ነውና ስለ ማንትል ስናወራ በጥንቃቄ እንይዘዋለን ወይ እናስወጣዋለን። ብዙ ሥራ የሚጠፋው በዚህ ማጣራት ላይ ነው። ጋዜጣ ላይ ግን አይወጣም።

ማንትሉን ራሱን በእጅ መያዝ የሚፈልግ ካለ ደግሞ ይቻላል። እንጅባራ አካባቢና ቦረና ውስጥ ሜጋ አካባቢ አንዳንድ ባዛልቶች ሲወጡ የማንትል ቁራጭ ይዘው ወጥተዋል። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የተሰካ አረንጓዴ ጉብታ ካያችሁ እሱ ነው። መስክ ላይ ሳየው ዛሬም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሊማሊሞ እንውጣ። ከደባርቅ ወደ ሽሬ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ያየ ሰው ግድግዳው እንደተደራረበ አስተውሏል። እያንዳንዱ ደረጃ የላቫ ንጣፍ ነው። አንዱ ፈስሶ ቀዝቅዟል፤ ሌላው በላዩ ላይ ፈስሷል። ድርድሩ በአንዳንድ የደጋው ክፍል ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ1997 የታተመና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ ከፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጋር የተሳተፉበት ጥናት የዚህን ድርድር ዕድሜ በአርጎን ዘዴ ለካ። ዋናው ክፍል የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የወሰደው ጊዜም አንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። አጠቃላይ መጠኑ 350,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ይገመታል። ያን ሁሉ በዛሬዋ ኢትዮጵያ ስፋት ላይ እኩል ብናነጥፈው ከ300 ሜትር በላይ ይወፍራል። ላሊበላዎች የተፈለፈሉትም በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ መጠን በአጭር ጊዜ ለማውጣት ፕሌቶች፣ ማለትም የምድርን ገጽ የሚሸፍኑት ግዙፍ የአለት ሰሌዳዎች፣ መላቀቃቸው ብቻ አይበቃም። ከታች የጋለ ነገር መምጣት አለበት። ይህን ከጥልቁ የሚወጣ የጋለ አምድ ፕሉም ይሉታል።

ግን ነገሩ አንድ ወጥ አይደለም። በ1998 ራፋኤል ፒክ፣ ገዛኸኝ ይርጉ፣ ደረጀ አያሌውና ሌሎች ባሳተሙት ሥራ የሰሜን ምዕራብ ደጋው ባዛልት በታይታኒየም መጠኑ ይከፈላል። በምዕራቡ በኩል፣ ሊማሊሞን ጨምሮ፣ ታይታኒየሙ ዝቅተኛ ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላሊበላና ወገል ጤና ስትሄዱ ከፍ ይላል። እዚያ ያለው ይበልጥ በማግኒዚየም የበለጸገ፣ ከጥልቅና ከጋለ ምንጭ የወጣ ነው። ሂሊየም 3 ላቅ ብሎ የተገኘውም በዚህ ዓይነቱ ውስጥ ነው። ካርታው ላይ ስታስቀምጡት የአምዱ መሐል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ጠርዝ እንደነበረ ያመለክታል። ዳር ዳሩ ቀዝቀዝ ያለና ከቅርፊቱ ጋር የተነካካ ነው። መሬት ላይ በድንጋይ ዓይነት የተሳለ የሙቀት ካርታ በሉት።

አንድ ጠብ ልንገራችሁ፤ ሳይንስ ያለ ጠብ አይጥምም። በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉ ባዛልቶች ከሰሜኑ ይቀድማሉ። ዕድሜያቸው እስከ 45 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። በ1998 ሁለት ወገኖች በአንድ ዓመት ተቃራኒ ነገር አሳተሙ። አንዱ ወገን፣ ሪያነን ጆርጅና ባልደረቦቿ፣ ሁለት ፕሉሞች አሉ አለ፤ አንዱ በደቡብና በኬንያ በኩል፣ ሌላው በአፋር። ሲንቲያ ኢቢንገርና ኖርማን ስሊፕ ደግሞ አንድ ብቻ ይበቃል አሉ። በእነሱ ሐሳብ የጋለው አለት አንድ ቦታ ደርሶ በፕሌቱ ሥር ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ፕሌቱ ወደሚሳሳበት ቦታ እየሄደ ይቀልጣል። ኬሚስትሪው መጀመሪያ ላይ ሁለት የሚሉትን ይደግፍ ነበር፤ የኬንያና የአፋር ባዛልቶች አይሶቶፖች (እንደ ሂሊየም 3 እና 4 ያሉ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች) ይለያያሉና። በኋላ ግን ኒዮንና ሂሊየም አንድ ላይ ሲለኩ ከሥር ያለው ጥልቅ ምንጭ የጋራ ይመስላል የሚሉ ጥናቶች መጡ፤ በ2014 አንድ፣ በ2025 ደግሞ ከኬንያ ሜነንጋይ የእንፋሎት ጉድጓዶች በወጣ ጋዝ ላይ ሌላ። የእኔ ዝንባሌ ወደ አንድ የጋራ ምንጭ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ቅርንጫፍ ያበጀ። ሁለት የሚሉት ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ።

የዛሬ ንግግሬ እምብርት ግን ይህ አይደለም። እምብርቱ የሚከተለው ነው፤ ማንትሉ ከላይ ያለውን ፕሌት ዝም ብሎ የሚገፋ ጌታ አይደለም። ፕሌቱም ማንትሉን ይመራዋል።

ለዚህ አፋር የተመቸ ቦታ ነው። ሦስት ስምጦች የሚገናኙበት ነው፤ የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የኢትዮጵያ ዋናው ስምጥ ሸለቆ። የቀይ ባሕሩና የኤደኑ ክንዶች በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይላቀቃሉ። የእኛው ስምጥ ሸለቆ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ። ከሥር ያለው ማንትል አንድ ሆኖ ከላይ ያለው የተለያየ ከሆነ ልዩነቱ ድንጋዩ ላይ መታየት አለበት።

በ2013 ዴቪድ ፈርጉሰንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት ሥራ የመጀመሪያውን ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። አፋር ለረጅም ጊዜ ስለተለጠጠ ፕሌቱ ሳስቶ፣ ማንትሉም ወደ ላይ ቀርቦ፣ መቅለጡ ጥልቀት በሌለው ቦታ እንደሚሆን ይጠበቅ ነበር። ኬሚስትሪው የተለየ ነገር አሳየ። መቅለጡ ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ሙቀቱም ከ1,450 ዲግሪ በላይ። ፕሌቱ ከተጠበቀው በላይ ወፍራም ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው። አህጉር እስከ መጨረሻው ድረስ በእኩል አይሳሳም።

ከዚያ በሰኔ 2025 ኤማ ዋትስና ባልደረቦቿ በኔቸር ጂኦሳይንስ ሌላ ሥራ አወጡ። ከሦስቱም ክንዶች የተሰበሰቡ ከ130 በላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችን መረመሩ። ያገኙት ከአፋር በታች የሚወጣው ማንትል አንድ ወጥ እንዳልሆነ ነው። በየተራ፣ በማዕበል መልክ ይወጣል። እያንዳንዱ ማዕበል የራሱ የኬሚስትሪ ምልክት አለው፤ ምልክቶቹም በስምጦቹ ርዝመት ላይ እየተደጋገሙ ይታያሉ። ድግግሞሹ ግን በሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ፈጥኖ በሚላቀቀው በቀይ ባሕሩ ክንድ ማዕበሉ ራቅ ብሎ፣ ተመቻችቶ ይሄዳል። ቀስ ብሎ በሚላቀቀውና ፕሌቱ ወፍራም በሆነበት ስምጥ ሸለቆ መንገዱ ይጠብበታል። የማንትሉን ጉዞ ፕሌቱ ይወስንለታል ያልኳችሁ ይህን ነው።

ዜናው ሲወጣ መገናኛ ብዙኃን «ከአፋር በታች ልብ ይመታል» ብለው ጻፉት። ርዕስ ያስፈልጋል፤ ይገባኛል። ግን አንዳንድ ሰው ደንግጦ ደውሎልኛል። አንድ ምት እጅግ ረጅም ዘመን የሚፈጅ ልብ መሆኑን ረስተውት ነው።

ከንግግሩ በኋላ የተጠየቁትን ጥቂቶቹን ልጨምር።

አንዲት እናት ጠየቁ፤ «ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባም ተሰምቶናል። ይህ ምርመራችሁ ቀድሞ ሊያስጠነቅቀን አይችልም ነበር?»

እማማ፣ በቀጥታ ልመልስልዎት፤ አይችልም። እኔ የምለካው ድንጋይ የወጣ፣ የቀዘቀዘ ነው። ስለ ነገ ቀን አያውቅም። ያን ሥራ የሚሠሩት የመንቀጥቀጥ መለኪያዎች፣ ጂፒኤስና የመሬቱን ከፍታ ከሰማይ የሚለኩ ሳተላይቶች ናቸው። በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ማግማ ሲገባበት፣ መሬቱ እስከ 8 ሜትር መላቀቁ የታወቀው በሳተላይት ነው። የኬሚስትሪው ድርሻ ሌላ ነው። ማግማው ከየት እንደሚመጣ፣ መንገድ ላይ የት አርፎ እንደቆየ፣ ምን ያህል ጋዝ እንደተሸከመ ይነግራል። አንድ እሳተ ገሞራ ቢነሳ ላቫ ያፈስሳል ወይስ አመድ ይረጫል የሚለውን ለመገመት ይህ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የኤርታሌ ላቫ እዚያው ዙሪያው ይፈስሳል። በኅዳር 2025 የፈነዳው ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ግን አመዱ የመንን አልፎ ህንድ ሰማይ ደርሷል።

አንድ ተማሪ ደግሞ «ለጥናት የሚሆን ድንጋይ እንዴት ይመረጣል?» አለ። ወንድሜ፣ መዶሻህን ይዘህ ውስጡን ስበር። ላዩ ዝናብና ፀሐይ የበላው ነው፤ ፖታሲየሙና ባሪየሙ ተነካክቷል። ቀዳዳው ነጭ ነገር የሞላውንም ተወው፤ ውሃ ያስገባው ማዕድን ነው። ኦሊቪኑ ብርጭቆ የመሰለ አረንጓዴ ከሆነ ያዘው፤ ዝገት የመሰለ ቀይ ከሆነ እለፈው።

የመጨረሻው ጥያቄ የተለመደው ነው። «ኢትዮጵያ ለሁለት ትከፈላለች? ባሕር መቼ ይመጣልናል?»

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨመር 200,000 ዓመት ይፈልጋል። ውቅያኖስ የሚባል ነገር ለማየት ሚሊዮን ዓመታት ያስፈልጋሉ። አንዳንድ ስምጥም ጀምሮ መሐል ላይ ያቆማል። አፋር ግን የተለየ ነው፤ ዳሎል አካባቢ አሁንም ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ባሕሩን ያገደው ኤርትራ ውስጥ በአሊድ እሳተ ገሞራ በኩል ያለው ከፍ ያለ መሬት ነው። ቀይ ባሕር ከዚህ በፊት ገብቶ ያውቃል፤ የመጨረሻው ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የኮራል ቅሪቱ ዛሬም ዳናክል ዳር ላይ ይታያል። ውሃው ተቋርጦ ሲደርቅ ጨውን ትቶ ሄደ። አፋሮች ቆርጠው በግመል ወደ መቀሌ ሲያመጡት የኖሩት አሞሌ የዚያ ባሕር ጨው ነው።